ውሃ የማይሰርግበት ጓሮ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ከመንገድ ያነሳሁት ወሬ አይደለም... የደረሰው በአክስቴ ልጅ ላይ ነው። መጨረሻውን ደግሞ በዚህ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አታምኑኝም? አትመኑ። እኔም ውሸት ቢሆን ደስ ባለኝ።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። እናንተ አስፈሪ ታሪክ ሲባል ጨለማና ጅብ ነው የምትጠብቁት። ይሄ በጠራራ ቀን ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብቅ ያለችበት ቀን... ልክ በቀትር፣ ስድስት ሰዓት።

ቦታው ጎንደር ነው። ቀሐ፣ ከወንዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ ግቢ።

በቀትር ውሃ ዳር አይቆምም ይሉን ነበር እናቶቻችን። እኛ እንስቅ ነበር። አሁን የሚስቅ ካለ ይሳቅ፣ እኔ ግን ትቻለሁ።

የአክስቴ ልጅ ወለላ ትባላለች። ባሏ መሪጌታ ዕንባቆም ነው፣ እዚያው ሰፈር ባለ ደብር ያገለግላል። ድምፁን ብትሰሙት! ሲያዜም ምእመኑ እንባውን ነው የሚጠርገው። ቤትም ሲገባ ሸጋ ሰው ነው። ሚስቱ ስታረግዝ ባልዲ አያስነሳትም፣ ልብስ አጥቦ የሚያሰጣው እሱ ነው። ጎረቤት ሲያየው ይስቅበታል፣ እሱ እቴ!

ቤተዘመዱ ሁሉ "ወለላ ታድላ" ይል ነበር። እኔም ብያለሁ። አፌን በቆረጠው።

ግቢያቸው ጌሾው፣ ጎመኑ፣ ኮኩ... ምን ይጎድለዋል። ችግሩ ጓሮ ያለው ማስረጊያ ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጉድጓድ ይቆፈርና ድንጋይና ጠጠር ይሞላል። የጣሪያው ውሃ፣ የእጣቢው ውሃ በቱቦ እዚያ ይገባና ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። በቃ። የሁሉም ሰው ጓሮ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የእነሱ ግን አልሰርግ አለ።

ውሃው ከአፉ ወጥቶ ጎመኑን አበሰበሰው። ከዚያ መደቡን አልፎ ወደ ቤቱ መጣ... የመኝታ ቤቱ ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ራሰ። ልስኑ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል።

ወለላ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰባት ወሯ ገብቷል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጨናግፎባታል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ እሷም ልትሞትብን ነበር።

"ይቺን ልጅ በሕይወት ልያት እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግ" ትለኝ ነበር። ሴት መሆኗን ሐኪም ነግሯታል። "ልጄ እርጥብ ግድግዳ ሥር አትተኛም። ሳልወልድ ይሄ ጉድጓድ መስተካከል አለበት።"

ለባሏ ነገረችው።

"ተይው" አላት። "ዝናቡ ሲያባራ ይሰርጋል።"

"ሰው ላምጣና ይየዋ።"

"አታምጪ አልኩሽ!"

ጮኸባት። ዕንባቆም ከተጋቡ ጀምሮ ጮሆባት አያውቅም።

"ምነው? ጉድጓድ እኮ ነው..."

መለስ አለና እጇን ያዘ።

"ወለላ... በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ። እኔ ሳልኖር ማንም እንዳይከፍተው።"

እሷ ምን ታድርግ፣ "እሺ" አለች። እሱም ለንግሥ ኮላ ድባ ተጠርቶ ሄደ። በሄደ በማግስቱ ግን ጠዋት ስትነሳ ውሃው አልጋዋ እግር ሥር ደርሷል።

"እሺታዬን ውሃ ወሰደው" አለችኝ በኋላ። አያ አወቀን ጠራችው።

አያ አወቀ የሰፈሩ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ሥራውን ከመሥራቱ በፊት ግማሽ ቀን ስለ ሥራው የሚያወራ ሰው። "ጎንደር ላይ የእኔ እጅ ያልነካው ጉድጓድ ካለ እሱ ጉድጓድ አይደለም" ይላል። ዶማውን ተሸክሞ እያፏጨ ገባ።

ጎንበስ ብሎ ከውሃው በእጁ ጨለፈ። አሸተተው። ፉጨቱን አቆመ።

"የእጣቢ ውሃ ነው አላልሽኝም?"

"ነው እንጂ። የወጥ ቤቱም እዚሁ ነው የሚገባው።"

"ታዲያ ምነው አይሸትም?"

ወለላም ጨልፋ አሸተተች። እውነትም ምንም። ሳሙና የለው፣ ቅባት የለው... ንጹሕ ውሃ ነው።

"ዶሮዎችሽ ይጠጡታል?"

ወለላ ዞር አለች። ዶሮዎቹ ከጓሮው ማዶ አጥሩ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ ወደዚህ መምጣት እንደተዉ አላስታወሰችም።

"እንጃ" አለችው።

"እሺ፣ ሁልጊዜ ነው የሚሞላ?"

"አይ... አልፎ አልፎ ነው።"

"ክረምት ክረምት በያ?"

አዎ ልትለው አፏን ከፈተች...

አላለችም።

መጀመሪያ የሞላው ጥር ላይ ነው። ጥምቀት ሰሞን። ጠብታ ዝናብ በሌለበት። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያውን ፀንሳ ነበር።

ከዚያ በጾሙ መሃል አንድ ቀን ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ጓሮው ደርቋል። ጉድጓዱ ጥርግ ብሏል። "ተመስገን፣ ሰረገልን" ብላ ለባሏ ተጣራች... ቤት ሳትገባ ደሙ መጣ።

ሁለተኛውም እንዲሁ። ስትፀንስ ሞላ። የደረቀ ቀን ተጨናገፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት ሙሉ፣ ሰማይ ተቀዶ ሲዘንብ፣ ጉድጓዱ እንደ ወንፊት ያሰርግ ነበር። እንደገና የሞላው የዘንድሮውን ስትፀንስ ነው።

ሲሞላ ታረግዛለች። ሲሰርግ ትቀብራለች።

"ወለላ? ምን ሆንሽ ልጄ? ቀለምሽ ጠፋ እኮ።"

"ምንም አልሆንኩ አያ አወቀ።"

"ልተወው?"

እዚህ ላይ ብትተወው ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ግን ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት ናት፣ ሦስተኛዋ ሆዷ ውስጥ ነች። እንዴት ትተወው?

"ክፈተው" አለችው። "ሥሩ ያለውን ማየት እፈልጋለሁ።"

አያ አወቀ ውሃውን በባልዲ እየቀዳ በአጥሩ ሥር ባለው ቦይ ደፋው። አፈሩን ገለጠ። ከዚያ ጠጠሩ መጣ፣ በጥቁር ጭቃ ተለውሶ።

"ይኸውልሽ!" አለ፣ ደስ ብሎት። "ጋኔኑ ይሄ ነው! ከመደቡ ዋልካ አፈር እየታጠበ ገብቶ ጠጠሩን ደፍኖታል። ውሃው በየት ይለፍ? ድንጋዩን አውጥተን እናጥባለን፣ አሸንዳውን ወደ ውጭ እናዞራለን፣ ከላይ ላስቲክ አልብሰን እንመልሰዋለን። አለቀ!"

ወለላ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። ጭቃ ነው። ጭቃ ብቻ! ስለ ጥርና ስለ ጾሙ ያሰበችው ሁሉ የእርጉዝ ሴት ሐሳብ መስሎ ታያት።

"ተመስገን" አለች።

አያ አወቀ እየወረደ ድንጋይ ማቀበል ቀጠለ። የላይኞቹ ጭቃ የበላቸው ናቸው። እየወረደ ሲሄድ ግን... ንጹሕ ሆኑ። አንዱን አገላብጦ አየው።

"ወለላ።"

"አቤት።"

"ነይ ንኪው እስቲ።"

ነካችው። ደረቅ ነው።

ከላይ ስንት ወር የቆመ ውሃ አለ። ከታች ያለው ድንጋይ አቧራ አለበት። አያ አወቀ ሊያወራ ፈልጎ ነገር ጠፋው። ይሄን ሰው ነገር ሲጠፋው አይታ አታውቅም።

"በስመ አብ" አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ከድንጋዩ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተኝቷል። በላዩ ላይ ጥቁር ክር አለ። አያ አወቀ በጣቱ አንስቶ አቀበላት።

ማተብ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ የብር መስቀል አለው።

የእሷ ማተብ ነው... እናቷ ልትሞት ስትል ከአንገቷ አውልቃ ያሰረችላት። በተጋቡ በዓመቱ ጠፍቶባት አገር ይያዝ ብላ ነበር። ዕንባቆም አልጋውን አንስቶ፣ ፍራሹን ገልብጦ አብሯት ፈልጓል። ስታለቅስ ሲያያት አብሯት አልቅሷል።

ማተቡን ጨብጣ ቆማ ቀረች። ከዚህ ሥር ምን ይሠራል? ይሄ ጉድጓድ ድንጋይ ሲሞላ በቦታው የነበረው ማን ነው?

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ስድስት ሰዓት።

አያ አወቀ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ አያት። ሹክ አለ።

"ወለተሩፋኤል ማናት?"

"... ምን አልክ?"

"ተጠራች እኮ። አሁን። ከእግሬ ሥር..."

ወለላ ከጉድጓዱ አፍ ሸሸት አለች። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ሁሉም የሚያውቃት ወለላ ብሎ ነው። ወለተሩፋኤል የክርስትና ስሟ ነው። የክርስትና ስም በየመንገዱ እንደማይዘራ ታውቃላችሁ... ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይሠራበታል። ስሟን የምታውቀው እናቷ ነበረች፣ አርፋለች። የንስሐ አባቷ ያውቃሉ፣ አርጅተው አልጋ ላይ ናቸው።

ሌላው ቆርበው ሲጋቡ የነገረችው ባሏ ነው።

"ወለተሩፋኤል..."

አሁን እሷም ሰማችው። የሚያስፈራ ድምፅ አልነበረም። ጎረቤት በአጥር ማዶ እሳት ልትለምን እንደምትጠራው ዓይነት ነው። ለስላሳ፣ ጨዋ። የተቆጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ትላለች።

እኛ አገር ደግሞ ሰው ሲጠራን ልባችን ሳያስብ አፋችን "አቤት" ይላል። ያደግንበት ነው። ወለላ አቤት ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ... ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች።

አላለችም። ትንፍሽ አላለችም።

ሆዷ ውስጥ ያለችው ግን... ዞረች።

መራገጥ አይደለም። መራገጥማ ለምዳዋለች። ልጅቷ ሙሉ ገላዋን አዙራ፣ ፊቷን ወደ ጉድጓዱ አድርጋ ጸጥ አለች። ሰው ሲጠራው ከእንቅልፉ ነቅቶ እንደሚዞረው።

አያ አወቀ እንዴት እንደወጣ አይታወቅም። "አፈር መልሺበት... አፈር መልሺበት!" እያለ በሩን በርግዶ ሄደ። ዶማውን እንኳን አልወሰደም። እስከ ዛሬም መጥቶ አልጠየቀውም።

እሱ በወጣበት በር ዕንባቆም ገባ።

ለሁለት ቀን የተጠራ ሰው ነው። በማግስቱ ቀትር ላይ ነጭ ጋቢው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። የተከፈተውን ጉድጓድ አየ። ማን ከፈተው አላለም። ለምን አላለም።

"ጠራሽ?" አላት።

ወለላ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት።

"ታውቅ ነበር" አለችው።

"ወለላ፣ መልሺልኝ! አቤት አልሽ?"

"አላልኩም።"

ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። "ተመስገን... ተመስገን..." እያለ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ማተቡን ከፊቱ ዘረጋችው።

"ይሄን ማን ነው እዚህ የከተተው?"

ጋቢውን ከፊቱ አላነሳም።

"ዕንባቆም፣ ማን ነው?"

"መሠረቱ ሲቆፈር ውሃ የፈለቀ ጊዜ..." አለ፣ ሳያያት። "ግድግዳው ሲሰነጠቅ ትዝ ይልሻል? ያለንን ሁሉ ያፈሰስንበት ቤት ሊፈርስ... አንድ ሰው፣ ቦታው ባለቤት አለው አለኝ። ስም ስጠው፣ ውሃውን ይይዝልሃል አለኝ።"

"ስሜን ሰጠኸው።"

"አንቺን አልሰጠሁም!" ቀና አለ። "አንቺን እሰጣለሁ? ከወለተሩፋኤል የሚወለደውን ነው ያልኩት። ያን ጊዜ እርጉዝ አልነበርሽም እኮ! የሌለንን ነገር ነው የሰጠሁት። ገና ያልተፀነሰ ልጅ ማን ይጎዳል ብዬ..."

ወለላ ማተቡን መልሳ ጨበጠችው።

"የመጀመሪያው ሲሞት አውቀሃል?"

"... ጠርጥሬ ነበር።"

"ሁለተኛው ሲሞትስ?"

ዓይኑን ወደ ጉድጓዱ መለሰ።

"እያወቅህ ነበር የምታጽናናኝ?"

"እያወቅሁ ነው" አለ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። እኔ ተረቱን ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅሁት የወለላን ፊት ሳይ ነው። "ጋኔኑንስ አልቀየምኩትም" ነው ያለችኝ። "ጋኔን ነው፣ ሥራው ነው። ዕንባቆም ግን አብሮኝ አለቀሰ። ራሴን ደግፎ ሾርባ አጠጣኝ። በገዛ እጁ የቀበረውን ማተብ አብሮኝ ፈለገ።"

ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ ትታው ወጣች። ልብሷን አልያዘችም፣ ማተቡን አንገቷ ላይ አስራ ብቻ። መኪና ተሳፍራ፣ ከደባርቅ ማዶ ድብ ባሕር፣ እኅቷ ይመኙሽ ዘንድ ገባች።

ይመኙሽ ጠበል አስጠመቀቻት፣ ጸሎት አስደረሰችላት። ዕንባቆም ሲደውል ይመኙሽ ስልኩን አንስታ ትዘጋበታለች። እኛም ቀኑን እየፈራን ጠበቅን። ሆዷ ገፋ። ዘጠኝ ወሯ ሞላ።

ጎህ ሲቀድ ወለደች። ሴት ልጅ፣ ሙሉ ጤነኛ። አዋላጇ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብላ ደረቷ ላይ አስተኛችላት። ልጅቷ ጥቂት አለቀሰችና ጡቷን ያዘች።

ይመኙሽ እልል አለች። ወለላ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ዕንባዋ ልጅቷ ግንባር ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሁሉም ነገር ያለፈ መሰላት።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጠራ። ይመኙሽ ውጭ ነበረች፣ ወለላ ራሷ አነሳችው። መውለዷን ለዕንባቆም የነገረው ሰው የለም።

"ወለላ..." ድምፁ ከልቅሶ የተነሳ ተዘግቷል።

"ምን ፈለግህ?"

"ጉድጓዱን አየሁት። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሰረገ... ጠብታ የለበትም። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይቅር በይኝ። ሦስተኛዋንም... እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ወለላ ወደ ደረቷ አየች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ትጠባለች።

"ምን ሆነህ ነው የምታሟርትብኝ?" አለችው። "ልጄ ደህና ናት። እየጠባች ነው።"

የዕንባቆም ልቅሶ ተቋረጠ። የተዘጋ መሰላት።

"ወለላ" አለ፣ በሹክሹክታ። "ጡትሽ ላይ ያለችው... ማን ናት?"

ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም።

ባለፈው ክረምት ድብ ባሕር ሄጄ ነበር። ልጅቷ አድጋለች። ወንጌላዊት ነው የምትባለው፣ የክርስትና ስሟን ለእኔም አልነገሩኝ፣ አልጠየቅሁምም። ሸጋ ልጅ ናት። ዓይኗ ትልልቅ፣ ጸጉሯ ዞማ። ደግሞ ዝምተኛ።

ከወለላ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠን እናወራለን። በረንዳው ሲሚንቶ ነው፣ ይመኙሽ በቅርብ ነው ያስለሰነችው። ልጅቷ ፊት ለፊታችን ቁጢጥ ብላ በፕላስቲክ ጆግ ውሃ ትጫወታለች።

ጆጉን ሲሚንቶው ላይ ገለበጠችው። እግሬ እንዳይርስ ሰበሰብኩ።

ውሃው ግን አልመጣም።

ሸርተት አላለም፣ አልተበተነም... ልጅቷ እግር ሥር በቆመበት ወደ ታች ወረደ። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ዳበስኩት። ሲሚንቶው ስንጥቅ የለውም። ደረቅ ነው። አቧራ አለበት።

ቀና ስል ወለላ እያየችኝ ነበር።

"አየህ?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"አየሁ።"

"ለማንም አትንገር።"

"ወለላ... ይቺ..."

"ልጄ ናት" አለችኝ። "ሰማህ? እኔ ነኝ የወለድኳት። ልጄ ናት።"

ተነሳችና ባዶውን ጆግ ተቀበለቻት። ከጀሪካኑ እስከ አፉ ሞልታ መለሰችላት።

"እንኪ እናቴ፣ ተጫወቺ" አለቻት።

ልጅቷ ጆጉን በሁለት እጇ ያዘችና እንደገና ገለበጠችው።